እርሾ የተከሰሰበት ዘመን

አንዲት የቅርብ ዘመዴ ለዓመታት ከኖረችበት ከአሜሪካ ለእረፍት መጥታ አክስቴ ቤት ምሳ ተጋበዝን። ወጡ ቀርቧል፤ እንጀራው ተዘርግቷል። እሷ ግን ወጡን በማንኪያ እየጨለፈች ትቀምሳለች እንጂ ወደ እንጀራው እጇን አትሰድም።

«ምነው ልጄ፣ ኮመጠጠሽ እንዴ?» አሏት አክስቴ።

«አይ እትዬ፣ እርሾ ተከልክዬ ነው።»

«እርሾ ማን አቀረበልሽ? እኔ ያቀረብኩልሽ እንጀራ ነው!»

ገበታው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ድካም፣ ራስ ምታት፣ የሆድ መነፋት፣ በዚያ ላይ እየዳነ የሚመለስ የብልት ማሳከክ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያሠቃያት እንደኖረ በኋላ ለብቻችን ስንሆን አጫወተችኝ። ሐኪሞች «ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው» እያሉ መለሷት። በመጨረሻ አንዲት በተፈጥሮ ሕክምና የምትተዳደር ሴት «ካንዲዳ የሚባል እርሾ በሰውነትሽ ነግሦብሻል» ብላ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ስኳር፣ ማር፣ ፍራፍሬ፣ አይብ፣ እንጉዳይና ሆምጣጤ የሚከለክል ዝርዝር ሰጠቻት። ወረቀቱን አሳየችኝ። ደጋግሞ ከመታጠፉ የተነሣ ሊቀደድ ደርሷል። ይህ ዝርዝር ከየት መጣ? ማንስ ጻፈው? እኔን የሳበኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። በ1962 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስቴዋርትና አስናቀ ጌታቸው የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች «ኢኮኖሚክ ቦታኒ» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ እንጀራ ጠባይ አንድ ጥናት አወጡ። ከጤፍ ሊጥ ውስጥ ለይተው ያወጡት አቡኪ ካንዲዳ ጊለርሞንዲ የሚባል ነበር። ሥራው የዚህ አንድ እርሾ ብቻ እንዳልሆነ፣ ባክቴሪያዎችም ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ቢሆንም አክስቴ በእንስራ ያኖሩት እርሾ ከተከሳሹ ጋር የሩቅም ቢሆን ዝምድና አለው ማለት ነው። ልዩነቱ የአክስቴ እርሾ ምጣድ ላይ ሲወጣ መሞቱ ነው። ሰው ሆድ የሚገባው እንጀራ እንጂ ሕያው እርሾ አይደለም። በገበታው ላይ የተሳቀበት የአክስቴ መልስ፣ እንግዲህ፣ እንደ ቀልዱ ሁሉ እውነትም ነበረበት።

ተከሳሹ ሌላው ወንድም ነው፤ ካንዲዳ አልቢካንስ። በብዙ ጤነኛ ሰው አፍ፣ አንጀትና ብልት ውስጥ በዝምታ ይኖራል። ሲበዛ በሕፃናት አፍ ላይ እንደ ረጋ ወተት ያለ ነጭ ሽፋን ያወጣል፤ በሴቶች ላይ ማሳከክና ፈሳሽ ያመጣል። በሽታው ጥንታዊ ነው። በሂፖክራጥስ ስም በሚታወቁት የግሪክ የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ሳይቀር የደከመ ሕመምተኛ የአፍ ቁስል ሆኖ ተጠቅሷል። ነጩ ነገር ሕይወት ያለው ፈንገስ መሆኑ የታወቀው ግን በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። በ1839 ጀርመናዊው በርንሃርድ ላንገንቤክ በታይፈስ የሞተ ሰው ጉሮሮ ውስጥ አገኙት። ወዲያውም የታይፈስ ምክንያት ይህ ነው ብለው ደመደሙ።

ታይፈስ በቅማል እንደሚተላለፍ ዛሬ እናውቃለን። ፈንገሱ ለሞት የተቃረበውን ሰው ድካም አይቶ የተስፋፋ እንግዳ እንጂ ገዳዩ አልነበረም። አንባቢ ይህን የላንገንቤክን ስህተት በልቡ እንዲያኖርልኝ እለምናለሁ፤ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይቶ በሌላ ልብስ ይመለሳልና።

በጥቂት ዓመታት ውስጥ በስቶክሆልም ፍሬድሪክ በርግ፣ በፓሪስ ደግሞ ዴቪድ ግሩቢ የሕፃናቱን የአፍ በሽታ ከፈንገሱ ጋር አያያዙት። ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋወጠ። ካንዲዳ የሚለውን የሰጠችው ሆላንዳዊቷ ክርስቲን በርክሃውት ናት፤ ጊዜውም 1923 ነበር። ቃሉ ላቲን ሲሆን ትርጉሙ ነጭ ማለት ነው። በጥንቷ ሮም ለሹመት የሚወዳደሩ ሰዎች ይለብሱት የነበረው ነጭ ኩታም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። አልቢካንስ የሚለውም «የሚነጣ» ማለት ስለሆነ ሙሉ ስሙ ሲተረጎም «ነጭ የሚነጣ» ይሆናል። ሊቃውንቱም አንዳንዴ እንደ እኛው ይደጋግማሉ።

ለዘመናት የነበረው መድኃኒት ቀለም ነበር። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ለዚህ በሽታ የዋለው ጄንሺያን ቫዮሌት፣ በእኛ ጤና ጣቢያዎች «ጂቪ» የሚባለው፣ ርካሽና ጥሩ ሠራተኛ ነው። ልጅ ሳለ ከንፈሩና ምላሱ ሐምራዊ ሆኖ ከጤና ጣቢያ የወጣ አንባቢ አይጠፋም፤ የጎረቤት ልጆች ሳቅም አይረሳው ይሆናል።

ነገሩን የለወጠው አንቲባዮቲክ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ በአንድ ጊዜ የሚገድሉት መድኃኒቶች ሲወጡ፣ ሐኪሞች ሳንባው የዳነ ሕመምተኛ አፉ ሲነጣ ማየት ጀመሩ። በአፍና በአንጀት ውስጥ ባክቴሪያና እርሾ ቦታና ምግብ እየተሻሙ፣ አንዱ ሌላውን እየገታ ይኖራሉ። ባክቴሪያው ሲጨፈጨፍ አንቲባዮቲክ የማይነካው እርሾ ባዶ ቤት አገኘ።

መፍትሔውን ያመጡት ሁለት ሴቶች ናቸው። ሁለቱም የኒው ዮርክ ስቴት ጤና መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ነበሩ። ኤልዛቤት ሊ ሄዘን በኒው ዮርክ ከተማ ከልዩ ልዩ ቦታ የመጣ አፈር እየመረመሩ፣ ፈንገስ የሚገድል ነገር የሚያመነጩ ጥቃቅን ሕያዋንን ያሳድጋሉ፤ ራሔል ፉለር ብራውን ደግሞ በአልባኒ ንጥረ ነገሩን ይለያሉ። በሁለቱ ላቦራቶሪዎች መካከል ናሙናው የሚመላለሰው በፖስታ ነበር፤ ያውም በማርማላታ ማሰሮ በመሰለ ጠርሙስ! ብዙ ናሙና ፈንገሱንም ላብራቶሪ አይጡንም እየገደለ ተጣለ። በመጨረሻ ሄዘን በቨርጂኒያ ከኖርስ ቤተሰብ፣ ከወዳጆቻቸው እርሻ፣ ያመጡት አፈር ሰመረ። በ1950 ግኝቱ ለሳይንስ ጉባኤ ቀረበ። መድኃኒቱም በመሥሪያ ቤታቸው ስም፣ በኒው ዮርክ ስቴት፣ ኒስታቲን ተባለ። ከባለቤትነት መብቱ የተገኘው ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገንዘብ ሁሉ ለሳይንስ ምርምር ዋለ፤ ሁለቱ ሴቶች ለራሳቸው አልወሰዱትም። በ1966 ፍሎረንስን ጎርፍ ባጥለቀለቃት ጊዜ ሻጋታ የወረሳቸውን ሥዕሎች ለማዳንም ይኸው ኒስታቲን አገልግሏል።

ኒስታቲን ሲዋጥ ከአንጀት ወደ ደም እምብዛም አይገባም። ለዚህም ነው ጉዳቱ ትንሽ የሆነው፤ አንድ ሐኪምም ሳይፈራ ለብዙ ሕመምተኛ ሊያዘው ይችላል። ቀጥሎ የመጣውን ታሪክ የከፈተው ይህ ጠባዩ ይመስለኛል።

በአላባማ፣ በርሚንግሃም ከተማ፣ ኦሪያን ትረስ የሚባሉ ሐኪም ነበሩ። የእርሾ ሕመም ያለባቸውን ሴቶች ሲያክሙ ማሳከኩ ብቻ ሳይሆን ራስ ምታቱና የመንፈስ ጭንቀቱም ለቀቀን የሚሉ አጋጠሟቸው። ይህን በማጥናት ቆይተው በ1978 ከተለመደው ሕክምና ወጣ ባለ አንድ መጽሔት ላይ ጻፉ። ካንዲዳ ከአንጀት ሆኖ መላ ሰውነትን ይመርዛል፤ አንቲባዮቲክ፣ የእርግዝና መከላከያ ክኒንና ስኳር የበዛበት ምግብ ያጠነክሩታል፤ ኒስታቲንና የምግብ ቁጥጥር ያዳክሙታል አሉ። በ1983 ሐሳባቸውን በመጽሐፍ አወጡ። ግን የዓለምን ጆሮ ያገኙት እሳቸው አይደሉም። በዚያው ዓመት የቴነሲው የሕፃናት ሐኪም ዊልያም ክሩክ «ዘ ይስት ኮኔክሽን» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ከሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ።

የዘመዴ ወረቀት አያት ይህ መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉን የተወደደ ያደረገው ምንድን ነው? ክሩክ ቀላል ቋንቋ ይጽፋሉ፤ አንባቢን ያከብራሉ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ መጠይቅ አዘጋጅተዋል። ለብጉር ቴትራሳይክሊን ለወር ያህል ወስደሻል? ጣፋጭ ያምርሻል? እርጥበት ባለበት ቀን ወይም ሻጋታ ባለበት ቤት ይብስብሻል? የሲጋራ ጭስ ይረብሽሻል? እያንዳንዱ «አዎ» ነጥብ አለው፤ ነጥቡ ይደመራል። ከ180 በላይ ያገኘች ሴት ሕመሟ ከእርሾ ጋር የተያያዘ መሆኑ እርግጠኛ ሊባል ይቃረባል ይላል። መጠይቁን እኔም ሞከርኩት። ጣፋጭ ያምረኛል፤ ጭስ ይረብሸኛል፤ ደክሞኛልም። ማን አልደከመውም? የአሜሪካ የአለርጂ ሐኪሞች አካዳሚ በ1986 ያወጣው መግለጫ የተቃወመው ይህንኑ ነበር፤ ምልክቶቹ ለማንኛውም የታመመ ሰው ይሆናሉ፣ ሐሳቡም አልተረጋገጠም የሚል ነው።

ይሁን እንጂ በክሩክ ላይ ለማሾፍ አልቸኩልም። ለዓመታት «ጭንቀት ነው» ተብላ የተመለሰች ሴት ያንን መጠይቅ ስትሞላ በሕይወቷ የመጀመሪያ ጊዜ ሰባ ያህል ጥያቄ ተጠየቀች ማለት ነው። የሚያምናት ሐኪም አገኘች። አንቲባዮቲክ ያለ ምክንያት መውሰድ ጉዳት እንዳለው፣ ስኳርና ነጭ ዱቄት መቀነስ እንደሚበጅ ተነገራት፤ ይህ ምክር ዛሬም ስህተት አይደለም። ስህተቱ የላንገንቤክ ነው። ቤቱ ሲፈርስ የገባውን እንግዳ ቤቱን ያፈረሰው እሱ ነው ብሎ መያዝ።

ክሱ በፈተና የታየው እዚያው በርሚንግሃም ነው፤ በትረስ ከተማ። የአላባማ ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ዲስሙክስና ባልደረቦቻቸው ምልክቱ ያለባቸውን 42 ሴቶች መረጡ። እያንዳንዷ በስምንት ስምንት ሳምንት ተራ አንዴ እውነተኛ ኒስታቲን፣ አንዴ መልኩ ብቻ ኒስታቲን የሚመስል ባዶ መድኃኒት፣ በቀሩት ተራዎችም የሁለቱን ድብልቅ ወሰደች፤ የትኛውን እንደምትወስድ እሷም ሐኪሟም አያውቁም። ውጤቱ በታኅሣሥ 1990 በ«ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን» ወጣ። ኒስታቲን የብልቱን ሕመም ከባዶው ይልቅ አሻለ። ድካሙን፣ ራስ ምታቱንና ጭንቀቱን ግን ከባዶው የበለጠ አላሻለም። ልብ በሉ፣ ባዶውን ሲወስዱም ሴቶቹ ተሽሏቸዋል።

የክሩክ ወገኖች «ምግቡ የታለ? ሕክምናው ክኒን ብቻ አይደለም» ብለው ተቃወሙ። ተቃውሟቸው ከንቱ አልነበረም። በ2001 ከኖርዌይ የወጣ አንድ ጥናት 116 ሕመምተኞችን አይቶ ኒስታቲን ከባዶው እንደበለጠ፣ ከስኳርና ከእርሾ የራቁትም ይበልጥ እንደተሻላቸው ዘግቧል። ምግቡን ግን ሕመምተኞቹ ራሳቸው ፈቅደው ነው የመረጡት። ምግቡን ለመጠበቅ የወሰነ ሰው በሌላም ነገር ለመዳን የወሰነ ሊሆን ስለሚችል ፍርድ ለመስጠት አያበቃም። ስኳርን በተመለከተ በ1999 ጀርመኖች 28 ጤነኛ ሰዎችን ስኳር እየጨመሩ መግበው በአንጀታቸው ያለው ካንዲዳ እምብዛም እንዳልጨመረ አይተዋል። የስኳር ሕመምተኛ ነገር ሌላ ነው። እሱ ጋ ስኳሩ በደምና በሽንት ውስጥ ሞልቷል፤ የመከላከል ኃይሉም ደክሟል፤ ስለዚህ እርሾ ይመላለስበታል። በቡና ላይ የሚጨመረው አንድ ማንኪያ ስኳር ግን ከዚህ ጋር አንድ አይደለም።

ከምግብ ሁሉ የከበረ ታሪክ ያለው እርጎ ነው። በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሩሲያዊ ኤልያስ ሜችኒኮፍ የቡልጋሪያ ገበሬዎች ዕድሜ ምስጢሩ በሚጠጡት የረጋ ወተት ውስጥ ባለው ባክቴሪያ ነው ብለው ያስተማሩ ናቸው። በ1992 ኒው ዮርክ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ እርሾ የሚመላለስባቸው 33 ሴቶች ሕያው ላክቶባሲለስ ያለበትን እርጎ በቀን አንድ ኩባያ እንዲበሉ አደረገ። እርጎ በሚበሉበት ስድስት ወር ሕመሙ በአማካይ 0.38 ጊዜ፣ በማይበሉበት ስድስት ወር 2.54 ጊዜ መጣ። እጅግ ያስደንቃል! ግን ጥናቱን ጨርሰው የተቆጠሩት 13 ብቻ ናቸው። ከቀሩት መካከል ስምንቱ የወጡበት ምክንያት ያስቃል፤ በእርጎ ጀምረው ተራው ሲለወጥ እርጎውን አንተውም አሉ። ከዚያ በ2004 በአውስትራሊያ አንቲባዮቲክ የሚወስዱ ከ200 በላይ ሴቶች ላክቶባሲለሱን በዱቄትና በክኒን መልክ ቢሞክሩት ከእርሾ አላዳናቸውም። እርጎ እንግዲህ ጥሩ ምግብ ነው፤ መድኃኒትነቱ ግን ገና አልተመሰከረለትም።

ነጭ ሽንኩርትም ተሞክሯል። በ1944 ከውስጡ የተለየው አሊሲን በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ፈንገስ ይገድላል። በ2014 ሜልበርን ላይ 63 ሴቶች በክኒን መልክ ሲውጡት ግን ከባዶው ክኒን ልዩነት አልታየም፤ ሆድ ማቃጠሉ ብቻ ተረፋቸው። በምግብ ውስጥ ይግባ፤ ፍሬውን በብልት ውስጥ ማስገባትን የሚመክሩ ሰዎች ግን የሚያቃጥል ነገር በቆሰለ ሥጋ ላይ እያደረጉ ነው። ጠዋት በብርጭቆ ውሃ ላይ ምራቅ ተፍቶ ክሩ ሲወርድ «ካንዲዳ ነው» ማለትም እንዲሁ ነው፤ ወፍራም ምራቅ መውረዱ ምንም አያሳይም።

ክሩክ መጽሐፋቸውን በሚያዘጋጁባቸው በእነዚያ ዓመታት ይኸው ፈንገስ በሌላ ቦታ ሌላ ነገር እየተናገረ ነበር። በ5 ሰኔ 1981 የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሳምንታዊ ዘገባ በሎስ አንጀለስ ያልተለመደ የሳንባ ምች የያዛቸውን አምስት ወጣት ወንዶች አስታወቀ። አምስቱም ካንዲዳ ነበረባቸው። ያ ኤድስ የሚባለው በሽታ የመጀመሪያው ዘገባ ነው። በእኛም አገር የቫይረሱ መኖር በ1984፣ የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች በ1986 ከታወቁ በኋላ፣ የአዋቂ ሰው አፍ ነጥቶ ሲታይ የጤና ባለሙያ ልብ የሚደነግጥበት ዘመን መጣ። እርሾው ገዳይ አልነበረም፤ መልእክተኛ ነበር። መልእክተኛውን በምግብ ዝርዝር ሲያባርሩ መልእክቱን ሳይሰሙ የሞቱ ስንት ይሆኑ?

ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ መድኃኒት መግዛትም ከዚህ አይርቅም። በ2002 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት «እርሾ ነው» ብለው መድኃኒት የገዙ 95 ሴቶችን መርምሮ፣ እርሾ ብቻ የተገኘባቸው ከሦስት አንዷ ያህል መሆናቸውን አረጋግጧል። የቀሩት ሌላ ሕመም ነበራቸው፤ ወይም ምንም አልነበራቸውም።

ዘመዴን «ደምሽን ተመርምረሻል?» ብዬ ጠየቅኋት። ስኳር፣ ኤች አይ ቪ፣ ደም ማነስ?

«ማን አዘዘልኝና?» አለች።

ከመመለሷ በፊት እዚሁ ተመረመረች። ስኳር የለባትም፤ ቫይረሱም የለባትም። ማሳከኩ እርሾ ነበር፤ በሐኪም መድኃኒት ተሻላት። ድካሙ ግን ደም ማነስ ሆኖ ተገኘ፤ የወር አበባዋ ለዓመታት እየበዛ የኖረ መሆኑን የጠየቃት አልነበረም፤ ክልከላው ላይ ክልከላ የጨመረው ያ ዝርዝርም አላገዛትም። ወረቀቱን ወዴት እንዳደረገችው አላውቅም። አክስቴ «ደም ማነስ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ምንም ሳይናገሩ፣ ወደ ጓዳ ገቡ።